ወላቃ ሰሞን

የልደት ምስክር ወረቀት ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ይመዘገባል፤ ካልነካ "ለከርሞ ና" ይባላል። ክንደ አጭሩ ዓመት ሙሉ ቤት ሲውል፣ አንገቱን ዘመም ማድረግ የሚያውቅ ብልጥ ደግሞ ሳይደርስ ይደርስ ነበር። በዚህ ፈተና ያለፈው ትውልድ ዶክተርም ሚኒስትርም ሆኗልና ፈተናውን ማማት አይገባኝም። ግን መዝጋቢው ጆሮ ከሚያስነካ "እስቲ አፍህን ክፈት" ቢል ኖሮ መልሱን ቁልጭ ብሎ ባገኘው ነበር። የታች የፊት ጥርሱ የሚነቃነቅ ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ነው፤ የላዮቹም ሁለቱ ከሄዱ ወደ ሰባቱ ተጠግቷል ወይም አልፎታል።

ይህን ብልሃት ለበግ ስንጠቀምበት ኖረናል። የበዓል ዋዜማ ገበያ የወጣ አባወራ የበጉን ላት መዝኖ፣ ወገቡን ጨብጦ፣ በመጨረሻ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ያያል። የጥርሱ ነገር ካላማረው ነጋዴው የፈለገውን ቢምል አይሰማውም። በቅሎና ፈረስም የሚገዛው እንዲሁ ነው። ለልጅ ሲሆን ግን ጆሮ ፈለግን።

እንግሊዞች ደርሰውበታል፤ እነሱም ቢሆኑ ቸግሯቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕጋቸው ከዘጠኝ ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይቀጠሩ ከለከለ። የልደት መዝገብ ገና በወጉ አልተጀመረምና ዕድሜ የሚባለው ነገር የወላጅ ቃል ብቻ ነበር። የራበው ወላጅ የሰባት ዓመት ልጁን "ዘጠኝ ሞልቶታል" ቢል ማን ይፈርድበታል? መርማሪዎቹ በቁመት ይገምቱ ነበር። በ1837 ኤድዊን ሳውንደርስ የሚባል የጥርስ ሐኪም የብዙ ልጆችን አፍ ከፍቶ ያየበትን ጥናት አሳተመና ዕድሜን ከቁመት ይልቅ ጥርስ አጣርቶ እንደሚናገር አስረዳ። እውነቱን ነው። ቁመት በምግብ እጦት ይቀጭጫል፤ ጥርስ ግን በረሃብ ዘመንም ቀጠሮውን ያን ያህል አያዛንፍም። ሰውዬው ኋላ የንግሥት ቪክቶሪያ የጥርስ ሐኪም ሆኖ "ሰር" ተብሏል። የኛዎቹ ጆሮ አስነኪዎች ምንም ሳይባሉ ጡረታ ወጡ።

ጥርስ የተነቃነቀ ዕለት በቤቱ ውስጥ ሥልጣን እጅ ይለውጣል። ትናንት ማንም የማይሰማው ልጅ "ጥርሴ ተነቃነቀ!" ብሎ ሲያውጅ እናት ከጓዳ፣ አያት ከጸሎታቸው፣ እትዬም ከጎረቤት ይሰበሰባሉ። ሁሉም ሐኪም ነው። ሁሉም እጁን ወደ ልጁ አፍ ይልካል። በዚህ ሰዓት የሚነገረው ውሸት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይሸራረፍ የደረሰ ነው፦ "አልነካውም፤ ላየው ብቻ ነው።" ልጅ አንድ ጊዜ ይታለላል። ከዚያ በኋላ "ላየው" የሚል ዘመድ ሲመጣ ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው መናገር ይጀምራል።

መሣሪያው ያው ክር ነው። አንዱ ጫፍ ጥርሱ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የበሩ እጀታ ላይ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ "እስከ ሦስት እቆጥራለሁ" ብሎ ሁለት ላይ የሚዘጋ አጎት። ይህን አጎት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለእኔ ግን ከአጎትም ከክርም የበቆሎ እሸት ይበልጣል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣ መንገድ ዳር በከሰል የተጠበሰውን እሸት ልጁ ይግጣል፤ አንዷ ፍሬ ጠንከር ትልበታለች፤ አውጥቶ ሲያያት ፍሬ አይደለችም። ማንም አልዋሸውም፣ ማንም አልቆጠረበትም። ሸንኮራ አገዳም በዚህ ሥራ ጥርሱን የነቀለ ነው።

ከእንጀራ ጋር የዋጠውም አለ። ሆዴ ውስጥ ይበቅል ይሆን ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ልጅ አውቃለሁ፤ ታላቅ ወንድሙ "መጀመሪያ ድዱ ነው የሚበቅለው" ብሎት ነበር። የተዋጠ የወተት ጥርስ ምንም አያደርግም። በገባበት አይመለስም እንጂ መውጣቱን ይወጣል።

መዳፍ ላይ የተቀመጠችውን ጥርስ ልብ ብሎ ያየ ሰው "ሥሯ የት ሄደ?" ማለቱ አይቀርም። የአዋቂ ጥርስ ሐኪም ሲነቅለው ሥሩ ከአናቱ ይረዝማል፤ የልጅ ጥርስ ግን አናቷን ብቻ ይዛ ነው የምትወድቀው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቋሚው ጥርስ የመንጋጋ አጥንት ውስጥ ሆኖ ወደ ድዱ ሲገፋ፣ ለዚሁ ሥራ የተሰማሩ ሴሎች የወተት ጥርሱን ሥር ከጫፉ ጀምረው ቀስ እያሉ ይበሉታል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ሥሩ ተበልቶ ሲያልቅ ጥርሱ በድድ ብቻ ተይዞ ይንጠለጠላል። አያት ክር ይዘው የደረሱት ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ምስጋናውን ግን እሳቸው ወሰዱ፤ ለሠርግም ለለቅሶም የሚያወሩት ሆነ።

ቋሚው ጥርስም ባለፈው ወር የታሰበ አይደለም። የወተት ጥርስ ቡቃያ የሚጀመረው ጽንሱ ገና ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከቋሚዎቹም ቀዳሚው መንጋጋ ሕፃኑ በተወለደ ሰሞን መጠንከር ይጀምራል። እንግዲህ በዐርባ ቀኑ ክርስትና የሚነሣ ልጅ የአንደኛ ክፍል ጥርሱን ድዱ ሥር ይዞ ነው ውሃው ውስጥ የሚገባው።

ጥርስን ጣሪያ ላይ መወርወር የኛ ብቻ አይደለም፤ ከግሪክ እስከ ኮሪያ ይወረወራል። ጃፓኖች እንዲያውም ደንብ አላቸው፦ የታች ጥርስ ወደ ጣሪያ፣ የላይ ጥርስ ወደ ወለሉ ሥር፤ አዲሱ አቅጣጫ እንዳይስት። በኛ የሚባለው ቃል ከቤት ቤት ይለያያል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ንግድ ነው። አሮጌውን እንካ፣ አዲሱን አምጣ። ቆርቆሮው "ቃ!" ብሎ ሲመልስ ውሉ ተፈረመ ማለት ነው።

ኮንዶሚኒየም ይህን ውል አፈረሰው። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ልጅ የት ይወርውር? ከበላዩ ያለው የሌላ ሰው ሳሎን ነው። በረንዳ ላይ ቆሞ ሽቅብ ቢወረውር ተመልሶ የታችኛው ጎረቤት የተሰጣ በርበሬ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጭቅጭቅ ኮሚቴም አይፈታውም። የኛ ሰፈር ልጆች መላ አግኝተዋል፤ ዲሽ ላይ ይወረውራሉ። ሳህኑ ላይ ካረፈ "ተቀበለ" ይባላል። አንድ ቅዳሜ ኳሱ በጦፈበት ሰዓት ስክሪናቸው "ሲግናል የለም" ያለባቸው ጎረቤት ደረጃው ላይ ወጥተው ሲያማርሩ፣ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም አላየሁም።

አሜሪካ ያሉት የአጎት ልጆቻቸው ደግሞ ሌላ ውል ነው ያላቸው። እዚያ ጥርስ ትራስ ሥር ይቀመጣል፤ ሌሊት ቱዝ ፌሪ የምትባል ክንፋም መጥታ ጥርሱን ትወስድና ገንዘብ ትተዋለች። ዴልታ ዴንታል የሚባለው የጥርስ መድን ድርጅት ዋጋዋን በየዓመቱ ይከታተላል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአንድ ጥርስ በአማካይ 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ትከፍል የነበረችው፣ በ2023 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሳ ነበር። ስፔን ውስጥ ሥራው የአይጥ ነው፤ ካህኑ ሉዊስ ኮሎማ ለሕፃኑ ንጉሥ ለአልፎንሶ 13ኛ በጻፈው ተረት አይጡ ፔሬዝ ይባላል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ምርጫው ያስኬዳል። ክንፋሟ ግን በምን ችሎታ እንደተቀጠረች አይገባኝም።

ችግሩ የሚመጣው በቪዲዮ ስልክ ነው።

"ስንት አገኘህ?" ይላል የሜሪላንዱ።

"እኔ ጣሪያ ላይ ወረወርኩት" ይላል የአዲስ አበባው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጥርስ በቀለልኛ!"

የሜሪላንዱ ዝም አለ። ለእሱም በቅሎለታል፤ ማን እንዳበቀለለት ግን የነገረው የለም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የኛው አባቱን ስድስት ዶላር በብር ሲመታ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። መልሱን ሲሰማ ገና ያልተነቃነቁትን አንድ በአንድ መነካካት ጀመረ።

ከወደቀው እስኪበቅል ያለው ጊዜ የወላቆች ዘመን ነው። "ሰ"ን ሲጠራ አየሩ ያመልጠዋል፤ "ዘ" እና "ጸ"ም አይተርፉም። ይባስ ብሎ ፊደል የሚቆጠረው ልክ በዚህ ሰሞን ነው። መምህሯ "ሰ፣ ሱ፣ ሲ" ስትል ክፍሉ በሙሉ ያፏጫል። ስሙ ሰሎሞን የሆነ ልጅ በዚያ ዓመት ማን ትባላለህ ባይሉት ይመርጣል።

ከዚያ አዲሱ ይመጣል፤ ሲመጣም አይወደድም። በሰባት ዓመት ፊት ላይ የአዋቂ ጥርስ ተቀምጦ ሲታይ "ይሄ አካፋ ከየት መጣ?" ይባላል። ጥርስ አናቱ ሙሉ መጠኑን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ፊቱ ነው በኋላ ቀስ ብሎ የሚደርስበት። ጫፉም ለስላሳ አይደለም፤ ሦስት ትንንሽ ጉብታዎች አሉት፤ እየተበላበት ሲሄድ ይስተካከላል። ቀለሙ ደግሞ ከጎኑ ካሉት የወተት ጥርሶች ይልቅ ወደ ቢጫ ያደላል። እዚህ ላይ ስንቱ ልጅ በከንቱ ተቆጥቷል! "አልቦረሽክም!" ትላለች እናት። ቦርሿል። የቋሚ ጥርስ ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሽፋኑ ሥር ያለው ዴንቲን የሚባለው ክፍል ደግሞ ቢጫማና ወፍራም ነው። ከነጫጭ የወተት ጥርሶች መሃል ሲቆም የቆሸሸ ይመስላል እንጂ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ከላይኞቹ ሁለት መሃል ክፍተት የታየ ዕለት ግን ቅሬታው ወደ እልልታ ይለወጣል። "ፍንጭት ሆነች!" ፍንጭት በአገራችን የቁንጅና ማዕረግ ነውና አክስቶች ከወዲሁ ባል ያማርጡላታል። ቸኮሉ። ሰባትና ስምንት ዓመት ላይ የሚታይ ክፍተት ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ ዐሥራ አንድ ዐሥራ ሁለት ዓመት ላይ የላይ ክራንቻዎች ሲወርዱ ገፋ ገፋ አድርገው ይዘጉታል። የፈረንጅ ጥርስ ሐኪሞች ይህን ዘመን የአንደርሰንን ተረት ተውሰው የአስቀያሚዋ ዳክዬ ዘመን ይሉታል፤ ክራንቻው ሲወጣ ታምራለችና። በኛ ተገላቢጦሽ ነው፦ ቆንጆዋ ዳክዬ ክራንቻዋ ሲወጣ ማዕረጓን ትገፈፋለች።

የታችኞቹ አንዳንዴ አሮጌው ሳይለቅ ከኋላው ብቅ ይላሉ። ልጁ በሁለት ረድፍ ጥርስ ሲገኝ ቤቱ ይሸበራል፤ ጠበል የሚያስብም አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ ግን የፊተኛው ተነቃንቆ ይወድቅና፣ ምላስ ከኋላ እየገፋች አዲሱን ወደ ቦታው ታመጣዋለች። ወራት አልፈው አሮጌው ንቅንቅ አልል ካለ ሐኪም ይየው።

በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ ዙሪያ ያደጉ ሰዎች የዚህን ለውጥ ሌላ መልክ ያውቃሉ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የፊት የወተት ጥርስ አናት ብዙው ክፍሉ የሚሠራው በማህፀን ስለሆነ ያን ያህል አይነካም፤ ቋሚው ግን የሚሠራው ልጁ ያንን ውሃ እየጠጣ ባለበት ዘመን ነው። እናም በአምስት ዓመቱ ነጭ የነበረው ሳቅ በስምንት ዓመቱ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል፤ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። ስኳር ፋብሪካ አጠገብ ስላደጉ በስኳር የሚያሟቸው አሉ። ስኳር ብዙ ኃጢአት አለበት፤ በዚህኛው ክስ ግን ነጻ ነው።

አንድ የማያስቅ ነገርም አለ። በአንዳንድ አካባቢ ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው ድዱ ይታያል፤ ክራንቻ የሚወጣበት ቦታ ነጣ ብሎ ካበጠ ጥፋተኛው እሱ ነው ተብሎ ቡቃያው በስለት ተቆፍሮ ይወጣል። ተቅማጡ ከድድ አልመጣም። ስለቱ ግን ከሥር ያለውን የቋሚውን ክራንቻ ቡቃያ ያገኘዋል፤ የሚፈሰው ደምና የሚከተለው መመረዝ ሕፃኑን ራሱን ሊወስደው ይችላል። ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች ክራንቻቸው የጎደለባቸውን በብዛት አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1994 ጽፈውበታል። ባሕር ተሻግሮ እንኳ በልጅ አፍ ውስጥ የሚነበብ ነገር ነው። የጤና ባለሙያዎቻችን ከጎጂ ልማዶች ተርታ ያስገቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚያስቀምጠው ልጅ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ እንጂ ምላጭ አይደለም።

በከተማ ያለነው ደግሞ ስለት አናነሳም፤ የኛ ጥፋት በአፍ ነው። ጥርሱ የተበላ ልጅ "አመመኝ" ሲል የምንሰጠው ፍርድ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ "የወተት ነው፤ ይወድቅ የለ?" የፊቶቹስ እውነት ነው፣ በስድስት በሰባት ዓመት ይሄዳሉ። የወተት መንጋጋዎቹ ግን እስከ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሥራ ላይ ናቸው። የወተት ጥርስ ማለት ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ የተቀመጠች ባዶ ጀሪካን ናት። ባለቤቷ ቤት ምሳ ይበላል፤ እሷ ቦታ ይዛለታለች። አንዱ አንሥቶ ከጣላት የኋለኛው ጠጋ፣ የፊተኛው ሸተት ይልና ባለቤቱ ሲመጣ መቆሚያ ያጣል። ቋሚው ጥርስም እንዲሁ መቆሚያ ሲያጣ በጎን ይወጣል፣ ተነባብሮ ይወጣል፣ አንዳንዱም አጥንት ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል። በዐሥራ አምስት ዓመቷ "ጥርሴን ሽቦ አስሩልኝ" የምትል ልጅ ያላችሁ፣ ዋጋውን ስትሰሙ በስምንት ዓመቷ "የወተት ነው" ያላችሁትን አስታውሱ።

ከሁሉ የሚብሰውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ እኛም እንዲሁ ለመጨረሻ ስለምናየው። አጀቡን ሁሉ የምንሰጠው ለሚሄደው ጥርስ ነው። የሚመጣውን፣ ያውም ትልቁን፣ ማንም አይቀበለውም። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች ጀርባ፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት፣ አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ይወጣሉ። ለእነሱ ብሎ የወደቀ ጥርስ የለም። ደም የለም፣ ክር የለም፣ አጎት የለም፣ ጣሪያ የለም፣ ዶላርም የለም። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ የአዋቂ ጥርስ የጥበብ ጥርስን ጨምሮ 32 ነው፤ አሥራ ሁለቱ የማንም ምትክ ያልሆኑ አዲስ ገቢዎች ናቸው፤ እነዚህ አራቱ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ገጻቸው ሸለቆ የበዛበት በመሆኑ ብስኩትና ከረሜላ ይደበቅበታል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ብሩሽ ደግሞ እስከዚያ አይደርስም። ሲጠቁሩ አይተን እንኳ "የወተት ናቸው" ብለን እናልፋለን። ሰባ ዓመት ሊያኝክ የመጣ መንጋጋ በዐሥር ዓመቱ ሲነቀል፣ ሐኪሙ "ይሄ እኮ ቋሚ ነው" ሲሉን "መቼ ወጣ?" ብለን የምንጠይቀው እኛው ነን።

ስለዚህ ልለምናችሁ። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ዛሬ ማታ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ አፉን አስከፍቱት። "ላየው ብቻ ነው" በሉት፤ ለአንድ ቀን እንኳ እውነት ይሁን። ከፊት፣ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ የወለቀውንም ቦታ አንድ በሉ። አምስት ላይ ካለቀ መንጋጋው ገና ነው። ስድስተኛ ካገኛችሁ፣ እሱ የወተት አይደለም፤ ከሄደም ምትክ የለውም።